ምድርን አታስለቅሷት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው። ጠያቂዎቹ ዲጂታል ሥዕል መማር የጀመሩ ተማሪዎች ናቸው። አስተማሪያቸው “አካባቢ” የሚል ርዕስ ሰጥቷቸዋል፣ ማስረከቢያው ቀን እየደረሰ ነው፣ ስክሪኑ ግን እስካሁን ባዶ ነው። ስለዚህ ዓምዱን ሙሉውን ለነሱ ለቀቅንላቸው። አንድ እናትም ጽፈውልናል፣ እሳቸውንም አልዘለልንም።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ዲጂታል ሥዕል ከጀመርኩ ገና ወር አልሞላኝም። አስተማሪያችን ስለ አካባቢ ጥበቃ አንድ አንድ ሥራ ይዛችሁ ኑ ብሎናል። ያሰብኩት ምድር እያለቀሰች ነው፤ ግማሽ ፊቷ አረንጓዴ፣ ግማሹ ደርቆ የተሰነጣጠቀ፣ ከኋላዋ ፋብሪካ ሲያጨስ፣ ከሥር ሁለት እጆች ደግፈው ሲይዟት። ለጓደኛዬ ብነግራት “ውይ እኔም እሱኑ ነው የምሠራው” አለችኝ። ምን ይሻለኛል? ደግሞ የምስለው በስልክ ነው፣ ያውም በጣቴ። (ጀማሪዋ)

መልስ፦ ጓደኛሽ ውለታ ነው የዋለችልሽ። ያቺን የምታለቅስ ምድር ተያት። ሐሳቡ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ግን “አካባቢ” ሲባል የሁላችንም ጭንቅላት ውስጥ ቀድማ የምትመጣው እሷ ናት። ከሷ ቀጥሎ አምፖል ውስጥ የበቀለች ቅጠል፣ ከዚያ በረዶ ቁራጭ ላይ ብቻዋን የቆመች ነጭ ድብ። አስተማሪሽ ያን ቀን ስንት የምታለቅስ ምድር እንደሚያይ አስቢው እስቲ።

ምድርን መሳል ክልክል ነው ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 24 ቀን 1968 የአፖሎ 8 ጠፈርተኛ ዊልያም አንደርስ ጨረቃን እየዞሩ ሳለ ምድር ከጨረቃ አድማስ በላይ ብቅ ስትል ፎቶ አነሳት። ያ ፎቶ ከአካባቢ ጥበቃ እንቅስቃሴ ጋር ስማቸው አብሮ ከሚነሳ ምስሎች አንዱ ሆኖ ቀርቷል። እንባ የለበትም፣ እጅ የለበትም፣ መፈክር የለበትም። የሠራው ነገር አንድ ነው፦ ሰው ከዚያ በፊት በዚያ በኩል አይቷት አያውቅም። ዛሬ ግን ምድርን በየፖስተሩና በየማስታወቂያው ስላየናት ዓይናችን ሳያርፍባት ያልፋል።

አንቺ ማድረግ ያለብሽ ርዕሱን ማሳነስ ነው። ከአካባቢ ወደ ቆሻሻ ውረጂ፣ ከቆሻሻ ወደ ፕላስቲክ፣ ከፕላስቲክ ወደ አንድ ጠርሙስ፣ ከዚያም በእግርሽ ስትሄጂ የምታልፊው ቦይ ውስጥ የተወተፈው ያ ጠርሙስ ጋ ስትደርሺ ቁሚ። ሂጂና ተቀመጪበት፣ ማለቴ አጠገቡ። ፎቶ አንሺው፣ ግን መጀመሪያ በደንብ እዪው። ፀሐይ ላይ የቆየ ከሆነ ወረቀቱ ላይ ያለው ቀይ ቀለም ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይለቅና ሰማያዊው ብቻ ይቀራል። ክዳኑ ከተዘጋ ውስጡ የታፈነ ውሃ ግድግዳው ላይ ጠብ ጠብ ብሎ ታያለሽ። ጭቃው እስከየት ደርሶ እንደነበር አንድ ቡኒ መስመር ይነግርሻል። ይሄን ሁሉ ከጭንቅላትሽ ፈጥረሽ አትስይውም፤ ካላየሽው አይመጣልሽም። ሥዕልሽን ከጓደኛሽ ሥዕል የሚለየውም እሱ ነው፣ ምክንያቱም ያቺ የውሃ መስመር ያለችው አንቺ ያየሽው ጠርሙስ ላይ ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ዲጂታል መሆኑን ተጠቀሚበት። ፕላስቲክ አይበሰብስም፣ ይሰባበራል። ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ይሰነጠቃል፣ እያነሰ እያነሰ ይሄዳል፤ ከ5 ሚሊ ሜትር ሲያንስ ማይክሮፕላስቲክ ይባላል። ይሄ በወረቀት አድካሚ ነው፣ በሌየር፣ ማለትም እንደ ብርሃን አሳላፊ ወረቀት በሚደራረቡት ገጾች፣ ግን ጨዋታ ነው። ጠርሙሱን አንዴ በደንብ ሳይው፣ ሌየሩን ኮፒ አድርጊው፣ ሁለተኛውን ቁረጪው፣ ሦስተኛውን አድቅቂው፣ መጨረሻ ላይ ሙሉ ገጹን የሚሸፍን ብናኝ ይሁን። ከሩቅ ሲያዩት ኮከብ የሞላበት ሰማይ መምሰል ይችላል። ይሄ እንግዲህ የኔ ሐሳብ ነው፣ አንቺ ጠርሙሱን ስታዪ የተሻለ ሊመጣልሽ ይችላል።

ስለ ስልኩ አትጨነቂ፣ ይበቃል። አይቢስ ፔይንትም ስኬችቡክም የሚባሉት የመሳያ አፕሊኬሽኖች በስልክ ይሠራሉ፣ በነፃም ይገኛሉ፤ አይቢስ ማስታወቂያው ይበዛል፣ እሱን መቻል ነው። ጣት የምትስይውን ነገር ራሱን ስለሚጋርድብሽ አጉልተሽ ሳይ፣ ቶሎ ቶሎ ደግሞ አሳንሰሽ ሙሉውን እዪ። የመስመር ማረጋጊያውን ከፍ አድርጊው፣ የእጅ መንቀጥቀጥን ይውጣል። ንድፉን አንድ ሌየር ላይ አድርገሽ አደብዝዢው፣ መስመሩን ከላይ፣ ቀለሙን ከመስመሩ በታች፣ ጥላውን ደግሞ ለብቻው “መልቲፕላይ” በሚባለው፣ ከሥሩ ያለውን ቀለም በሚያጨልመው አቀላቀል። ለያንዳንዱ ሌየር ስም ስጪው። “ሌየር 17” ላይ ምን እንዳለ ከሦስት ቀን በኋላ አታስታውሺም።

ጥያቄ፦ እኔ ሥዕሌን ሠርቼ አስረክቤያለሁ፣ ያናደደኝ ውጤቱ ነው። ትልልቅ ወገባቸው ቀጠን ያሉ የፋብሪካ ማማዎች ጭስ ሲተፉ፣ ከላይ ሰማዩ ተቀዶ ሙቀት ሲገባ፣ ከታች በረዶው ሲቀልጥ ፔንግዊንና ነጭ ድብ ተቃቅፈው ሲያዝኑ ነው የሳልኩት። ሁሉም አሪፍ ነው ሲል አስተማሪው ግን “መረጃው የተሳሳተ ነው” ብሎ ነጥብ ቀነሰብኝ። ሥዕል አይደል እንዴ? ሳይንስ ፈተና ነው? (ቅር ያለው)

መልስ፦ ወንድሜ፣ መናደድህ ይገባኛል፣ አስተማሪህ ግን ልክ ነው። ፔንግዊን ሲናገር ብትስል ማንም አይጠይቅህም፣ ተረት መሆኑ ይታወቃላ። ስለ እውነተኛ ችግር እየነገርክ ሰው የሚያምንህን ነገር ስታሳስት ነው ጣጣው።

አንድ በአንድ እንያቸው። እነዚያ ወገበ ቀጭን ማማዎች የማቀዝቀዣ ማማዎች ናቸው። ከላያቸው የሚወጣው ነጭ ነገር የውሃ እንፋሎት ነው፣ ጭስ አይደለም። በከሰል የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ላይም ታገኛቸዋለህ፣ ግን የከሰሉ ጭስ የሚወጣው ከጎን ካለችው ቀጭን ጭስ ማውጫ ነው። ዋናው ሙቀት አማቂ ጋዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ጭራሽ አይታይም። ይሄ ለሠዓሊ ትልቅ ጥያቄ ነው፦ የማይታየውን እንዴት ትስለዋለህ? እኔ ብሆን ከፋብሪካው ይልቅ እሱ ላይ ጊዜዬን ባጠፋ እመርጣለሁ።

የተቀደደው ሰማይ የኦዞን ነገር ነው። የኦዞን ንጣፍ መሳሳትና የምድር መሞቅ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ኦዞንን የጎዱት በማቀዝቀዣና በስፕሬይ ውስጥ የነበሩ ኬሚካሎች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት እንዲቀሩ ተደርጎ ንጣፉ ቀስ በቀስ እያገገመ ነው። ምድር የምትሞቀው ሰማዩ ተቀዶ ሙቀት ስለሚገባ አይደለም፣ የገባው እንደ ልብ መውጣት ስላቃተው ነው። አንተ የሳልከው የተገላቢጦሹን ነው።

ነጭ ድብ የሰሜን ዋልታ፣ ፔንግዊን የደቡብ ነው። በዱር አይገናኙም፣ እንኳን ሊተቃቀፉ።

በረዶውም ላይ ልብ በል። ባሕር ላይ የተንሳፈፈ በረዶ ቢቀልጥ የባሕሩን ከፍታ ይህን ያህል አይጨምረውም። የሚጨምረው መሬት ላይ የተከመረው፣ የግሪንላንድና የአንታርክቲካ በረዶ እንዲሁም የተራራ ላይ ግግር ሲቀልጥና ውሃው ራሱ ሲሞቅ በመስፋቱ ነው።

ደግሞ ሳይንሱ ሥዕል ይገድላል ያለህ ማነው? የባሕር ኮራልን ውሰድ። ተማሪ ሁሉ የሞተ ኮራል ሲስል ግራጫና ጥቁር ያደርገዋል። እውነተኛው የሚያስደነግጠው ግን ነጭነቱ ነው። ኮራል ቀለሙንም አብዛኛውን ምግቡንም የሚያገኘው ሥጋው ውስጥ ከሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች ነው። ውሃው ከመጠን በላይ ሲሞቅ ያባርራቸዋል፤ ሥጋው ብርሃን ስለሚያሳልፍ ነጩ አጽም ከሥር ይታያል። ያኔ ገና አልሞተም፣ ተርቧል። ሙቀቱ ቶሎ ከበረደ ሊያገግም ይችላል። እስቲ አስበው፣ በቀለም በተሞላ ሥዕል መሃል አንዲት ቅርንጫፍ ብቻ ባዶ ነጭ ሆና። ምንም ሳትስልበት፣ ካንቫሱን ብቻ ትተህ።

ወይ የባሕር ኤሊ። የኤሊ ጫጩት ወንድ ወይ ሴት የሚሆነው እንቁላሉ በተቀበረበት አሸዋ ሙቀት ነው፤ አሸዋው ሲሞቅ ሴቶቹ ይበዛሉ፣ ሲቀዘቅዝ ወንዶቹ። ይሄን ያነበበ ሰው እንባና መፈክር ምን ያደርግለታል? በሁለት ቀለም የተሳለ አንድ ጎጆ እንቁላል ይበቃዋል። ሥራህን አሻሽለህ መልሰህ ማስገባት የሚፈቀድልህ ከሆነ በዚህ ሂድበት።

ጥያቄ፦ የኔ አረንጓዴ ለምንድነው ላስቲክ የሚመስለው? ዛፍ ስስል እንደ አሻንጉሊት ነው የሚሆነው። ጥላ ለማድረግ ጥቁር እጨምርበታለሁ፣ ይብስ ይቆሽሻል። (አረንጓዴ ያስመረረው)

መልስ፦ ቀለም መምረጫው ሳጥን ላይ ጣትህ የት እንደሚያርፍ ልንገርህ? ከላይ በስተቀኝ ጥግ። እዚያ ያለው በጣም የደመቀው አረንጓዴ ነው፣ ቅጠል ላይ እንደዚያ ያለ ቀለም እምብዛም አይገኝም።

ይሄን ሞክር። የቅጠል ፎቶ ራስህ አንሣና አፕሊኬሽኑ ውስጥ አስገባው። በቀለም መቅጃዋ ጠብታ የተለያየ ቦታ ንካ። ትደነግጣለህ። “አረንጓዴ” ያልከው አንዱ ጋ ግራጫ ነው፣ አንዱ ጋ ቡኒ ሊሆን ምንም አልቀረው፣ ሰማይ ያረፈበት የሚያብረቀርቀው ጀርባ ደግሞ ሰማያዊ ቢጤ። ፀሐይ ከኋላው የመጣችበት ቅጠል ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ በጣምም ይደምቃል፤ ሥዕልህ ውስጥ ደማቁን አረንጓዴ የምታስቀምጠው እዚያች ላይ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ከሷ ሲነጻጸር ዝግ ማለት አለበት፣ አለዚያ እሷም አትታይም።

ለጥላ ጥቁሩን እርሳው። ቀለሙን ስታጨልመው ትንሽ ወደ ሰማያዊ አዙረው። ብርሃን የሚያገኘውን ደግሞ ወደ ቢጫ። ይቺን ብቻ ብታደርግ ላስቲክነቱ ግማሹ ይጠፋል።

አንዲት ጥሩ ዘዴም አለች። ከሁሉም በላይ አዲስ ሌየር ክፈትና ጥቁር ሙላው፣ አቀላቀሉን “ከለር” የሚለው ላይ አድርገው። ሥዕሉ በሙሉ ጥቁርና ነጭ ይሆንልሃል። ዛፉና ኋላው ያለው ኮረብታ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ከተዋሃዱ ችግሩ አረንጓዴው አይደለም፣ ጨለማና ብርሃኑ ነው። አይተህ ሌየሩን ዝጋው፣ አስተካክል፣ መልሰህ ክፈተው። በነገራችን ላይ “ጥሩው አረንጓዴ፣ መጥፎው ቀይ” ብለህ ሥዕሉን ለሁለት የከፈልከው ከሆነ፣ ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸግራቸው ሰዎች፣ በተለይ ወንዶች፣ ጥቂት አይደሉም፤ ጥቁርና ነጩን ስታይ እነሱንም አስባቸው።

ጥያቄ፦ ከኢንተርኔት ያገኘሁትን የደን ፎቶ ከሥር አድርጌ በላዩ ላይ ብስል ስርቆት ይባላል? ምንጭ ጻፉ ተብለናል፣ “ጉግል” ብዬ ልጻፍ? (ጠያቂ ነኝ)

መልስ፦ “ጉግል” ምንጭ አይደለም። መጽሐፍ ከየት አገኘህ ሲሉህ “ከመደርደሪያ” እንደማለት ነው። ፎቶውን ያነሳው ሰው ወይም ተቋም አለ፣ ስሙን ነው የሚፈልጉት።

በሰው ፎቶ ላይ መስመር በመስመር ተከትሎ መሳልና የራስ ነው ማለት አይሆንም። አይተህ መማር ሌላ ነገር ነው፤ ቅርንጫፍ ከግንድ እንዴት እንደሚወጣ ለማወቅ ብዙ ፎቶ አይተህ የራስህን ዛፍ ብትስል ማንም አይወቅስህም። የግድ ከሥር ማድረግ ካለብህ የራስህን ፎቶ አድርግ። ይሄ ከሁሉም ይሻላል፣ ምክንያቱም ማዕዘኑንም ብርሃኑንም የመረጥከው አንተ ነህ።

የሰው ፎቶ መጠቀም ካስፈለገህ ፈቃዱን አንብብ። ዊኪሚዲያ ኮመንስ በሚባለው የነፃ ፎቶዎች ድረ ገጽ ላይ በየፎቶው ሥር ተጽፏል። “ሲሲ” የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ማለት ነው፤ “ሲሲ ዜሮ” ካለ እንደፈለግክ ተጠቀም። “ሲሲ ባይ” ካለ የባለቤቱን ስም ጥቀስ። ሌላ ድረ ገጽ ላይ “ኤንሲ” ተጨምሮበት ካየህ ለንግድ አይሆንም፣ ለክፍል ሥራ ግን ይሆናል። “ኤንዲ” ካየህ ተወው፤ ለውጠህ እንድታሰራጨው አልተፈቀደም፣ አንተ ደግሞ ልትለውጠው ነው ያሰብከው። የናሳ ፎቶዎች በአብዛኛው የቅጂ መብት የለባቸውም፣ ለትምህርት መጠቀም ይቻላል፣ ምንጩን ግን ጻፍ። ደን ሲመነጠር ከሳተላይት የተነሱ ፎቶዎች አሏቸው፤ ከላይ ሲታይ መንገዱ እንደ ዓሣ አጥንት ወደ ጎንና ጎን እየተከፈለ ደኑ ውስጥ ሲገባ ያሳያል፣ ከአማዞን የተነሱትን ፈልግና እያቸው። ዛፍ መሳል የማይችል ሰው እንኳ ያንን መሳል ይችላል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ልጄ ለትምህርት ቤት ሥዕል እያለች በስልኬ ላይ ስትውል ስታመሽ ነው። አሁን ደግሞ መሳያ ታብሌት ካልገዛሽልኝ ትላለች። ዋጋው ቀላል አይደለም። ልግዛላት ወይስ የልጅ ነገር ነው ብዬ ልለፈው? (የጀማሪ እናት፣ ከላይ የጻፈችው ግን ልጄ አይደለችም)

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ እናቴ። አሁን አይግዙ። ግን አይለፉትም።

ለአንድ የክፍል ሥራ ታብሌት አያስፈልግም። ቤት ውስጥ ወይም ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ካለ ክሪታ፣ ጊምፕና ኢንክስኬፕ የሚባሉ ፕሮግራሞች ሙሉ በሙሉ ነፃ ናቸው። በተለይ ኢንክስኬፕ የሚሠራው ነጥብና ነጥብ በማገናኘት ስለሆነ በማውስ ብቻ ንጹሕ ሥራ ይወጣዋል፣ ለፖስተር ደግሞ ጥሩ ነው። የክፍል ሥራው ካለቀ በኋላም ማንም ሳያዛት መሳሏን ከቀጠለች ያኔ ያስቡበት። ሲገዙም ስክሪን ያለውን ውዱን ሳይሆን ስክሪን የሌለውን፣ ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኘውን ትንሹን ይግዙ፤ ብዙ ባለሙያዎች የጀመሩት በሱ ነው። እስከዚያው አንድ ቀን አጠገቧ ይቀመጡና ምን እየሳለች እንደሆነ ያሳይዎት።

ጥያቄ፦ እውነቱን ልናገር፣ መሳል አልችልም። ክፍሉን የመረጥኩት ቀላል ይሆናል ብዬ ነበር። ሰው ስስል እንጨት ነው የሚሆነው። (እንጨት ሳዩ)

መልስ፦ አትሳል እንግዲህ። ዲጂታል ሥዕል ማለት በብሩሽ መሳል ብቻ አይደለም።

ኤድ ሆውኪንስ የሚባል በእንግሊዝ የሪዲንግ ዩኒቨርሲቲ የአየር ንብረት ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ ምስል ሠራ። ቀጥ ያሉ መስመሮች ብቻ ናቸው። እያንዳንዱ መስመር አንድ ዓመት ነው። ከአማካዩ ቀዝቀዝ ያለው ዓመት ሰማያዊ፣ የሞቀው ቀይ። ቁጥር የለም፣ ጽሑፍ የለም። ከግራ ሰማያዊ ሆኖ ይጀምርና በስተቀኝ እየቀላ ሄዶ መጨረሻው ጥቁር ቀይ ይሆናል። ሕፃን ልጅም ይገባዋል። ያንን ምስል በስኩዌር መሣሪያና ቀለም መሙያ ብቻ መሥራት ትችላለህ።

እሱን ገልብጥ አላልኩህም። የራስህን መረጃ ፈልግ። በሃዋይ ማውና ሎአ ተራራ ላይ አየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1958 ጀምሮ እየተለካ ነው። ያኔ ከሚሊዮን ክፍል 315 ገደማ ነበር፣ አሁን ከ420 አልፏል። መስመሩ ወደላይ ይወጣል፣ ግን ቀጥ ብሎ አይደለም፤ በየዓመቱ ትንሽ ወርዶ መልሶ ይወጣል፣ እንደ መጋዝ ጥርስ። የሚወርደው በሰሜኑ የዓለም ክፍል ዕፅዋት በሚያድጉበት ወቅት ጋዙን ስለሚስቡት ነው፣ ቅጠል ሲረግፍና ሲበሰብስ ይመለሳል። እያንዳንዷ ጥርስ አንድ ዓመት የቅጠል ሥራ ናት። ከዚህ ወዲያ ምን ሐሳብ ልጨምርልህ? ጥርሶቹን ቅጠል አድርጋቸው፣ ወይ መጋዝ አድርጋቸውና ዛፉን ከታች አቁመው። መስመር መሥራት ብቻ ነው የሚጠበቅብህ። ቁጥሮቹን ግን ከዋናው ምንጭ ውሰድ፣ በግምት አትሳል።

ጥያቄ፦ ጓደኞቼ በኤአይ እያሠሩ በሁለት ደቂቃ ይጨርሳሉ። እኔ ሞኝ ነኝ? (ታታሪው)

መልስ፦ አይደለህም። መጀመሪያ አስተማሪያችሁን ጠይቁ፤ ከፈቀደ ተጠቀሙና በኤአይ ነው ብላችሁ ጻፉ፣ ካልፈቀደ በቃ። ጓደኞችህ የሚያስረክቡትን ግን ከወዲሁ ልገምትልህ። “አካባቢን ጠብቁ የሚል ሥዕል ሥራ” ስትለው የሚያመጣው ያቺኑ ምድር፣ እነዚያኑ ሁለት እጆች፣ ያቺኑ ቡቃያ ነው። ብዙ ጊዜ የተሳለውን ነው የተማረው፣ ምን ያድርግ። አንተ ደግሞ የሠራህበትን ሂደት ያዝ። አይቢስ ፔይንት ሥዕሉ ከባዶ ገጽ ጀምሮ እንዴት እንደመጣ በቪዲዮ ያስቀምጥልሃል። “አንተ ነህ የሠራኸው?” ያለህ ሰው ካለ እሱን ክፈትለት።

ጥያቄ፦ ሥዕሉን ጨርሻለሁ። ግን ከሥዕሉ ጋር ግማሽ ገጽ ማብራሪያ ጻፉ ተብለናል። ሦስት ቀን ሙሉ ከ“ይህ ሥራዬ” አላለፍኩም። (ቃል ያጠራት)

መልስ፦ ከ“ይህ ሥራዬ” መጀመርሽ ነው ያቆመሽ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው “የሰው ልጅ ከተፈጥሮ ጋር ያለውን ውስብስብ መስተጋብር የሚዳስስ” ነው፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ አንቺም አታምኚበትም፣ አንባቢውም አያምንሽም።

ለታናሽ እህትሽ እንደምትነግሪያት ጻፊው። ምን አየሽ? የት? ለምን እሱን መረጥሽ? ምን ቸገረሽ? ለምሳሌ፦ “በምሄድበት መንገድ ላይ አንድ የተቆረጠ ግንድ አለ። ቀለበቶቹን ስቆጥር አንዳንዶቹ ሰፊ፣ አንዳንዶቹ እንደ ክር ቀጭን ናቸው። ቀጫጭኖቹ ዛፉ የተቸገረባቸው ዓመታት ናቸው፣ ድርቅ ሊሆን ይችላል። እነሱን ቀይ አደረግኳቸው። መጀመሪያ ሁሉንም ቀለም ቀብቼ ነበር፣ ቀዩ ጠፋብኝ፣ ሌላውን አጠፋሁት።” ይኸው፣ ተጻፈ። የተጠቀምሽበትን ፕሮግራምና የፎቶ ምንጭ ከሥር ጨምሪበት። አንድ ነገር ብቻ፦ ሥዕሉ ላይ የማይታይ ነገር ማብራሪያው ላይ አታስገቢ። “ሰማያዊው ተስፋን ይወክላል” ካልሽና ሰማያዊው ዝም ብሎ ሰማይ ከሆነ ያስቁብሻል።

ጥያቄ፦ ስክሪኑ ላይ የሚያምር ሥዕል ፕሪንት ሳስደርገው ጨለመብኝ፣ ጠርዙም ተፈረካከሰ። ነገ ማስረከብ አለብኝ!! (አስቸኳይ)

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። መፈረካከሱ የመጠን ነው። ለኤ4 ወረቀት፣ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ)፣ ካንቫሱ 2480 በ3508 ፒክስል መሆን አለበት፣ ያውም ገና ስትጀምር። ትንሹን ሠርቶ መጨረሻ ላይ መጎተት ፒክስሉን ያሰፋዋል እንጂ ዝርዝር አይጨምርም። ለነገ ስለሆነ ግን መፍትሔው ወረቀቱን ማሳነስ ነው፤ በኤ5 አሳትመውና ሰፊ ነጭ ጠርዝ ባለው ካርቶን ላይ ለጥፈው። ሆን ብለህ ያደረግከው ይመስላል።

መጨለሙ የቀለም ነው። ስክሪን በብርሃን ነው የሚያሳይህ፣ ማተሚያው በቀለም። በተለይ ደማቅ አረንጓዴና ሰማያዊ ወረቀት ላይ ይሞታሉ። የስክሪንህን ብርሃን ወደ ግማሽ አውርደውና ሥዕሉን እንደገና እየው፤ እዚያ ላይ ጨለማ ከሆነ ወረቀቱ ላይም ጨለማ ነው። ከሁሉም በላይ አንድ ማስተካከያ ሌየር ጨምረህ አብራው፣ ከዚያ ሙሉውን ከማሳተምህ በፊት አንዲት ትንሽ ቁራጭ አሳትመህ አረጋግጥ። ፋይሉን በፒኤንጂ አውጣው፣ ጄፔግ ደጋግመህ ሴቭ ስታደርገው ይበላሻል። ሌየሮቹ ያሉበትን ዋናውን ፋይል አታጥፋ፣ ለራስህም ኢሜይል አድርገው፣ ፍላሽ ማስረከቢያ ቀን ላይ አልከፍት ማለት ይወዳል።